ግመል የሚራገፍበት፣ በቅሎ የምትጫንበት

ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ የሐረር ተራሮች አልቀው ወደ ባሕሩ የሚዘረጋው የኢሳ በረሃ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ጀልዴሳ አለች። ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር የምትገኝ ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ግን ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ በዚህ መንገድ ሐረር መግባት የፈለገ ሁሉ፣ ነጋዴም ይሁን ወታደር፣ መልእክተኛም ይሁን ባለቅኔ፣ እዚህ ጭነቱን ሳያራግፍ አያልፍም ነበር። ግመል እዚህ ያበቃል፤ በቅሎና አህያ ከዚህ ይጀምራሉ። የምሥራቁ ንግድ ታሪክ ሲነገር ስማቸው የሚነሣው አሚሮች፣ ፓሻዎችና ራሶች ናቸው። እነሱም በተራቸው ይመጣሉ። እኔ ግን የጀልዴሳን ታሪክ የምተርከው በእንስሶቹና እንስሶቹን በገሩት ሰዎች በኩል ነው፤ ከተማዋን ከተማ ያደረጓት እነሱ ናቸውና። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። አህያ የእኛው አካባቢ ተወላጅ ነው። በ2022 ይፋ የሆነ ሰፊ የዘረ መል ጥናት አህያ ለማዳ የሆነው ከ7 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ እንደሆነ አመልክቷል፤ የዱር ዘመዱም ቁጥሩ እጅግ ተመናመነ እንጂ ከአፋር በረሃ ጨርሶ አልጠፋም። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በለገ ኦዳ የዋሻ ግድግዳ ላይ ደግሞ የጥንት ሰዎች ሻኛ የሌላቸውን ከብቶች ሥለው ትተውልናል። ግመል ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው። ባለ አንድ ሻኛው ግመል በዓረብ ምድር ለማዳ የሆነው ከ3 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ወደ አፍሪካ ቀንድ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። በቅሎ ከባዝራና ከወንድ አህያ ትወለዳለች፤ ራሷ ግን መካን ናት። እናም የበቅሎ ትውልድ ከእናት ወደ ልጅ አይወርድም። ሰው አስቦበት፣ አባቱንና እናቱን መርጦና አገናኝቶ፣ እያንዳንዷን በቅሎ እንደ አዲስ ማግኘት አለበት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የጀልዴሳ ሰዎች ድካም አይታየንም። ለማዳ የሚሆነው ዘሩ ነው። ያ ሥራ ሺህ ዓመታት ፈጅቶ ከእኛ በፊት አልቋል። የሚገራው ግን እያንዳንዱ እንስሳ ነው፤ ይህ ሥራ ደግሞ አያልቅም። ከለማዳ እናት የተወለደ የግመል ግልገል ጭነት ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ሰው ሲነካው ይደነግጣል፣ ሲያስሩት ይራገጣል፣ ጀርባው ላይ አንድ ነገር ሲያርፍ ጥሎ ይሮጣል። በዘይላና በጀልዴሳ መካከል በረሃውን አቋርጦ የሄደ እያንዳንዱ የቡና ከረጢት፣ እያንዳንዱ የጨርቅ እስር፣ እያንዳንዱ ጠመንጃ የሄደው አንድ እረኛ ዓመታት ፈጅቶ ባስተማረው ግመል ጀርባ ላይ ነው።

የኢሳ ሶማሌዎች የጭነት ወንድ ግመል አውር ይሉታል። ከመንጋው ውስጥ ለዘር የሚቀረው ጥቂት ነው፤ የቀሩት ወንዶች ይኮላሻሉ፤ ያልተኮላሸ ወንድ ግመል በስሪያው ወራት አፉ አረፋ እየደፈቀ ከሰውም ከግመልም ስለሚጣላ ለጉዞ አይታመንም። ግልገሉ ከ3 እስከ 4 ዓመት ሲሞላው ትምህርቱ ይጀመራል። መጀመሪያ የሚማረው መታሰርን ነው። ቀጥሎ በገመድ መመራትን ይማራል፤ ሶማሌዎቹ ገመዱን በታችኛው መንጋጋው ላይ ያስሩለታል እንጂ በሌላው ዓለም ብዙ ግመል ነጂዎች እንደሚያደርጉት አፍንጫውን በስተው እንጨት አያገቡበትም። ከሁሉ የሚከብደው መንበርከኩ ነው። ግመል በተፈጥሮው ለማረፍ ይንበረከካል፤ በሰው ትእዛዝ፣ በማይፈልግበት ሰዓት፣ በጋለ አሸዋና በጠጠር ላይ መንበርከክ ግን ከተፈጥሮው ውጭ ነው። ገሪው ገመዱን ወደ ታች እየሳበ፣ ጉልበቱን በዘንግ በቀስታ እየነካ፣ ያንኑ አንድ ድምፅ ሳይሰለች እየደጋገመ ያስተምረዋል። ከቀናት በኋላ ገመዱ ሳይሳብ፣ ዘንጉም ሳይነካው፣ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ሲወርድ የመጀመሪያው ትልቅ ትምህርት አለቀ ማለት ነው። ጭነት ተጭኖበት ሳለ በራሱ ፈቃድ የሚነሣ ግመል ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ ተንበርክኮ መቆየትንም ለብቻው ይማራል።

የመጀመሪያው ጭነቱ የነጋዴ ዕቃ አይደለም። ዘላኖቹ ሰፈር ሲለውጡ የሚነቅሉት ቤት ነው፤ የቤቱ ቆልማማ እንጨቶች፣ ሰሌኑ፣ የወተት ዕቃው። ቤቱን የሚሠሩትም የሚያፈርሱትም ግመል ላይ የሚጭኑትም ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ግመል ሸክምን የሚለምደው በብዛት በሴቶች እጅ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በዚህ መንገድ ያለፉ ተጓዦች መጻሕፍት ይህንን ለመናገር ብዙም አልደከሙም፤ ግመሉ ወደብ ላይ ሲደርስ የሚያከራየው፣ ውሉንም የሚዋዋለው ወንዱ ስለሆነ እሱን ብቻ አዩ። ዕድሜው ስድስት ሰባት ዓመት ሲደርስ አውሩ ሙሉ ጭነት ይሸከማል፤ ከ150 እስከ 200 ኪሎ። በሻኛው ዙሪያ ወፍራም ሰሌን ይደራረብለታል፣ በጎንና በጎን ዘንጎች ይታሰራሉ፣ ጭነቱ በሁለቱ ጎን እኩል ተመዝኖ በልጥ ገመድ ይጠበቃል። አንዱ ጎን ካጋደለ ወይም ሰሌኑ ከታጠፈ ጀርባው ይቆስላል። ገጣባ ግመል ደግሞ ለወራት ከሥራ ውጭ ነው፤ ጫኚው አንድ ጠዋት ቸኩሎ ያጠፋው ጥፋት ባለቤቱን የወቅት ገቢ ያሳጣዋል። በጭነትና በውሃ ሰዓት የሚዘፈኑ የግመል ዘፈኖች አሏቸው። ዘፈኑ ለሰው ብቻ አይደለም፤ ግመሉም የለመደውን ድምፅ ሲሰማ ይረጋጋል።

በሶማሌ ምድር ሰው ግመል ላይ መቀመጥ የተለመደ አይደለም፤ የታመመ ወይም ደካማ ካልሆነ በቀር ሰው በእግሩ ይሄዳል፣ ግመሉ ዕቃ ይሸከማል። የኋለኛው ግመል ገመድ ከፊተኛው ጅራት ጋር ይታሰርና ሰልፉ አንድ ይሆናል። ጉዞው ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል፣ ፀሐይ ሲበረታ ያርፋል፤ ግመሎቹ በየቀኑ ረጅም ሰዓት መሰማራት ስላለባቸው ነጂውን ማቻኮል ዋጋ የለውም። በዚህ መንገድ ላይ የሚሄድ እንግዳ ደግሞ አባን ያስፈልገዋል፤ አባን በጎሣው መካከል ዋስ ሆኖ የሚያሳልፍ ሰው ነው። አባን የሌለው ሰው ግመል አያገኝም፤ ግመል የሌለው ዘይላ ይቀራል። የበረሃው ሰዎች ከባሕር የመጣውን ሁሉ የያዙት በዚህ ነበር፤ ምሽግም መድፍም አላስፈለጋቸውም።

ለመሆኑ ግመሉ ለምን ጀልዴሳ ላይ ይቆማል? ሐረር በ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከበረሃው ጫፍ ወደሷ የሚያወጣው መንገድ ዳገትና ገደል ነው። የግመል መርገጫ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ አሸዋ ላይ አይሰምጥም፣ ርጥብ ድንጋይ ላይ ግን ይንሸራተታል። የደጋው ብርድና ዝናብም በረሃ ያደገ ግመልን ያሳምመዋል። ሌላው ምክንያት የሰው ነው። ቆላው የኢሳ፣ በተራራው ሥርና ጎን ያለው ምድር የኖሌ ኦሮሞ ነው፤ እያንዳንዱ በገዛ ምድሩ የሚያልፈውን ጭነት በገዛ እንስሳው ማጓጓዝ ይፈልጋል። የእንስሶቹ ወሰንና የሰዎቹ ወሰን አንድ ቦታ ላይ ገጠሙ፤ ጀልዴሳም በዚያ ቦታ ላይ ቆመች። አንድ ግመል ያወረደው ጭነት ለሁለት በቅሎ ወይም ለሦስት አህያ ይከፈላል። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ ዕቃውን ገና ከባሕሩ ማዶ ኤደን ሳለ ሊከፈል በሚችል መጠን ያሽገዋል፤ ያላወቀ ሰው ጀልዴሳ ላይ ሣጥኑን ሰብሮ እንደገና ያስራል።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በኅዳር 1854 መጨረሻ ከዘይላ ተነሥቶ በጥር 3 ቀን 1855 ሐረር ሲገባ የሄደው ከዚህ ይልቅ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በሚያዞረው መንገድ ነበር። እሱም ቢሆን ሐረር የገባው በበቅሎ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1875፣ ራኡፍ ፓሻ የግብፅን ጦር ከዘይላ አንሥቶ ሐረርን ያዘ። ግብፆች ጀልዴሳ ላይ ወታደር አሰፈሩ፤ ከወደቡ እስከ ሐረር ያለው መንገድ በእጃቸው ያለ መሰለ። ነገር ግን ለጦሩ ስንቅና ጥይት የሚያመላልሰው ግመል የኢሳ ነበር፤ የዘይላውም ሹም አቡበከር ፓሻ ራሱ የአፋር ተወላጅና የቅፍለት ንግድ ጌታ ነበር። ግብፅ ለአሥር ዓመት ሐረር ላይ ሰንደቅ ሰቀለች፤ በበረሃው ላይ ግን ኪራይ ከፋይ እንግዳ እንደሆነች ቆየች።

በ1880 መጨረሻ አንድ የሃያ ስድስት ዓመት ፈረንሳዊ፣ ግጥም መጻፍ ትቶ በኤደን ለባርዴ የንግድ ቤት የተቀጠረ፣ ሃያ ቀን በሶማሌ በረሃ በፈረስ ተጉዞ ሐረር ገባ። አርቱር ራምቦ ነው። ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የማነሣው እንስሶቹን በሚመለከተው ብቻ ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም። ራምቦ የቡናና የቆዳ ነጋዴ ሆኖ በኖረባቸው ዓመታት የሐረርን ንግድ የያዘው የትኛው እንስሳ የት እንደሚደርስ ማወቅ መሆኑ ገባው። በ1887 ቤይሩት ላለው የፈረንሳይ ቆንስል የጻፈው ደብዳቤ ይህንን ያሳያል። የጠየቀው ከሶርያ ምርጥ ዘር አራት ወንድ አህዮች የት እንደሚገዙ ነው፤ ዓላማው በሸዋ ትልልቅና ብርቱ በቅሎዎች እንዲወለዱ ነበር። በዚያ ዘመን በቅሎ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የመንግሥትም የቤተ ክህነትም የንግድም ጀርባ ነበረች። መኳንንቱና ካህናቱ የሚቀመጡት በበቅሎ ነው፤ ጦረኛውም ሲጓዝ በቅሎ ተቀምጦ ፈረሱን ለውጊያ ቀን ያስጎትታል።

በቅሎ መግራት ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ግመል ያኮርፋል፣ ይጮሃል፣ ቂም ይይዛል ይባላል፤ በቅሎ ግን ታስባለች። የፈራችውን ነገር በግድ አታልፍም፤ ድልድዩን ካላመነችው ወይም ድንጋዩ የላላ ከመሰላት ቆማ ትቀራለች። ልምድ የሌለው ሰው ይህንን እልኸኝነት ይለዋል፤ ገደል ዳር የኖረ ሰው ግን ሕይወቱን ያተረፈችለት ይህችው ጥንቃቄዋ እንደሆነች ያውቃል። ስለዚህ ጥሩ ገሪ ፍርሃቷን አይሰብርም። መጀመሪያ በገመድ እየሳበ ከሰውና ከመንደር ጫጫታ ጋር ያለማምዳታል፣ ግላሱን ያሸትታታል፣ ቀላል ከረጢት ያሸክማታል፣ ከዚያ ኮርቻውን ያጠብቃል፣ ልጓሙን ያስነክሳታል፣ በመጨረሻ ሰው ይቀመጥባታል። የተመረጠችው ስግሪያ ትማራለች፤ ሰጋር በቅሎ የተቀመጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ወገቡን አያመውም። ለጭነት የተመደበችው አጋሰስ ደግሞ ከሌሎች ጋር ተሰልፋ መሄድን፣ በጠባብ መንገድ ላይ ጭነቷ ምን ያህል ስፋት እንዳለው አውቃ ከድንጋዩ መሸሽን ትማራለች። ይህን የመጨረሻውን ማንም ሊያስተምራት አይችልም፤ ጭነቷ ገደል ግድግዳ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲፋተግባት ራሷ ትማረዋለች።

ግብፆች በ1885 ሲወጡ ሐረር ለአሚር አብዱላሂ ተመለሰች። በሚያዝያ 1886 ካውንት ፖሮ የተባለ ጣሊያናዊ የመራው የንግድና የጥናት ጓድ በጀልዴሳ አካባቢ በአሚሩ ሰዎች ተገደለ። በጥር 1887 የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ ጦርነት አሚሩን ድል አድርገው ሐረርን ያዙ፤ ከተማዋንም ለመኰንን ወልደ ሚካኤል ሰጡ። ከዚህ በኋላ ጀልዴሳ የኢትዮጵያ ኬላ ሆነች። ከባሕር የሚመጣው ጨርቅና መሣሪያ፣ ወደ ባሕር የሚወርደው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ እዚህ ይቆጠራል።

ቀጥሎ የመጣው ክፉ ቀን ነው። ከ1888 እስከ 1892 የከብት ደስታ በሽታ በአገሩ ተዛምቶ አብዛኛውን ከብት ፈጀ፤ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ ምኒልክ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው ለሕዝቡ አርአያ ሆኑ። በሽታው በቅሎን፣ ፈረስንና አህያን አይዝም፤ ግመልንም እንደ ከብት አይፈጅም። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በሬው ባለቀበት አገር ሸክም የሚችለው የተገራ እንስሳ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የበረሃው ሰውም የደጋው ነጋዴም አየው።

ራምቦ ጀልዴሳን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው በዚያው ክፉ ዘመን፣ በሚያዝያ 1891 ነው። ጉልበቱ አብጦ መራመድ አቅቶት ነበር፤ ራሱ ባሠራው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ አሥራ ስድስት ተሸካሚዎች እየተፈራረቁ ሚያዝያ 7 ቀን ከሐረር ይዘውት ወጡ። የመንገዱ ማስታወሻው ደርሶናል። በሐረርና በጀልዴሳ መካከል፣ ከኤጎ ወደ በለዋ በሚወርደው ቁልቁለት ተሸካሚዎቹ በየድንጋዩ እየተደናቀፉ እሱም ሊገለበጥ እየደረሰ ተሠቃየ። የታመመ እግሩን ከበቅሎ አንገት ጋር አስሮ ለመቀመጥ ሞከረ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን መውረድ ግድ ሆነበት። ከጀልዴሳ ወዲያ በበረሃው ደግሞ ዝናብ ወረደ፤ ድንኳኑን የያዙት ግመሎች ወደ ኋላ ቀርተው ሰዓታት ሙሉ መጠለያ አጥቶ ደበደበው። አሥር ዓመት በሙሉ ግመልና በቅሎ ሲያከራይና ሲጭን የኖረ ሰው በመጨረሻ ሁለቱም አልሆኑለትም። በግንቦት ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፣ በኅዳር 10 ሞተ።

በ1890ዎቹ የጀልዴሳ ገዥ መርሻ ናሁሠናይ ነበሩ። የራስ መኰንን ሰው ነበሩ፤ በበረሃው አፋፍ ላይ ሆነው ከኢሳ ሽማግሌዎች ጋር መነጋገር፣ ቅፍለቱን መቀበል፣ ኬላውን መጠበቅ፣ ለመንግሥት እንግዶች እንስሳ መሰናዳቱን ማየት የሳቸው ሥራ ነበር። በ1897 የእንግሊዝ መንግሥት ሬኔል ሮድን ወደ ምኒልክ ሲልክ ጓዱ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ከዘይላ በግመል ተነሥቶ ቢዮ ካቦባን አልፎ ጀልዴሳ ደረሰ፣ ከዚያ በበቅሎ ወደ ሐረር ወጣ። ከመካከላቸው ሬጂናልድ ዊንጌት የሚባል መኮንን ነበረ። የዘመዱን ልጅ ታሪክ ወደ ኋላ አነሣዋለሁና ስሙን ያዙልኝ።

በዚያው በ1897 ጅቡቲ ላይ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ተጀመረ። ፈቃዱን አልፍሬድ ኢልግ በ1894 ከምኒልክ አግኝቶ ነበር። ሐዲዱ የሚያልፈው በኢሳ ምድር ነው፤ ኢሳዎችም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን በተደጋጋሚ አጠቁ። ይህንን ብዙ ሰው እንደ ሽፍትነት ብቻ ጽፎታል። እኔ ግን ሌላም ይታየኛል፦ ዓመታት ፈጅቶ ያስተማረው አውር በአንድ የብረት መስመር ዋጋ ሊያጣ መሆኑን የተረዳ ሰው ያደረገውን ነው ያደረጉት። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት አልቻለም። ግመል ከተራራው ሥር እንደሚቆም ሁሉ ባቡሩም ከተራራው ሥር ቆመ፤ የቆመው ግን ጀልዴሳ ላይ አልነበረም። በታኅሣሥ 1902 ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ ሐረር የተባለች ጣቢያ ደረሰ፤ ድሬዳዋ ተወለደች። የመጀመሪያው ገዥዋም መርሻ ናሁሠናይ ሆኑ። ገዥው ሲዛወሩ ንግዱም አብሮ ተዛወረ። ጀልዴሳ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የቅፍለት በር መሆኗ ቀረ።

እንስሶቹ ግን ከሥራ አልወጡም። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ እስከዚያ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከድሬዳዋ ወደ መሐል አገር የሚሄደው ሁሉ በእንስሳ ጀርባ ነበር። በ1903 የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ በባቡር መጣ፣ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ለመድረስ ግን ከነዘበኞቹ ቅፍለት ማሰናዳት ነበረበት። ከዚህ ጉዞ ጋር የተያያዘ አንድ ታሪክ አለ፤ ስለ መግራት የምንናገር ከሆነ ሊታለፍ አይገባም። ምኒልክ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከላኩት ስጦታ መካከል ዳን የሚል ስም የወጣለት አንድ የሜዳ አህያ ነበረ። ዘሩ በሳይንስ ዓለም በፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት በግሬቪ ስም ይጠራል፤ በ1882 ከኢትዮጵያ ለግሬቪ ከተላከው እንስሳ ነው ስሙን ያገኘው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ዳንን ከፈረስና ከአህያ ጋር አዳቅሎ ከበቅሎ የበረታ የሥራ እንስሳ ለማግኘት ሞከረ። አልተሳካም፤ ዳንም አስቸጋሪ ሆኖ ኖረ። በሜዳ አህያ ላይ ማንም ሺህ ዓመት አልደከመም፤ አንድ ገሪ፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ በአንድ እንስሳ ዕድሜ ያንን ሊያካክስ አይችልም። ሸክም ለመቻልም ሆነ ሰው ለማመን ጉልበት ብቻ አይበቃም።

አሁን ወደ ዊንጌቶች ልመለስ። በጥር 1941 አፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ጎጃም ሲገቡ አብሯቸው የነበረው የእንግሊዝ መኮንን ኦርድ ዊንጌት የዚያ የ1897ቱ ሬጂናልድ ዊንጌት የአጎት ልጅ ልጅ ነው። የጌዴዎን ጦር የተባለውን ጓዱን ስንቅና ጥይት የተሸከሙለት ከሱዳን የተሰበሰቡ 15 ሺህ ያህል ግመሎች ነበሩ። ከሜዳማው የሱዳን ቆላ መጥተው ወደ በላያ ተራራና ወደ ጎጃም ደጋ ወጡ። ብዙዎቹ ነጂዎች ለሥራው አዲስ ነበሩ፤ ጭነቱ በወጉ አልታሰረም፣ የግመሎቹ ጀርባ ገጠበ፣ ድንጋዩ እግራቸውን በጣጠሰው፣ የሚበሉት ዛፍ ጠፋ፣ ብርዱም ጨመረ። ከሞላ ጎደል ሁሉም አለቁ። ከኋላ የሚመጡት ወታደሮች መንገዱን የሚያውቁት በሬሳው ሽታ ነበር ይባላል። ዘመቻው አገር ነጻ አውጥቷል፤ የእነዚያ እንስሶች ሞት ግን የማይቀር አልነበረም። ግመል ከተራራው ሥር ቆሞ ጭነቱን ለበቅሎ ማስረከብ እንዳለበት ጀልዴሳ ላይ ሕፃን ልጅ እንኳ የሚያውቀው ነገር ነበር። የበቅሎ እጥረት ስለነበረ ሌላ ምርጫ አልነበረም የሚል ክርክር አለ፤ እቀበለዋለሁ። ነገር ግን መጫን ያላስተማሩትን ሰው ግመል አስይዞ መላክ በጦርነት ጊዜም ስሕተት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የጭነት መኪና መጣ፤ የአስፋልቱ መንገድ ድሬዳዋን ከሐረር ጋር አገናኘ፤ ኤጎና በለዋን የሚወጣ ቅፍለት ቀረ። በ1950ዎቹ በዓለማያ የግብርና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዛሬ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይህ ተቋም ዘግየት ብሎ ግመልን በጥናት ከሚከታተሉ የአገሪቱ ማእከሎች አንዱ ሆኗል። የሚጠናው በዋናነት ወተቱ፣ ሥጋው፣ በሽታውና እርባታው ነው። ተገቢም ነው፤ ድርቅ በተደጋገመበት ቆላ ላም ስትሞት ለልጆች ወተት የምታቆየው ግመል ናት። ከሐረር በስተምሥራቅ ባለው የባቢሌ ገበያ የሚሸጠው ግመልም አብዛኛው ለእርድ ወይም ወደ ውጭ ለመላክ ነው። ለእርድ የሚሸጥ ግመል ደግሞ መንበርከክ መማር አያስፈልገውም።

በ2016 በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር ተመረቀ፤ በድሬዳዋ በኩል ሲያልፍ ከተማውን ትቶ ወደ መልካ ጀብዱ አቅጣጫ ያለውን ጣቢያ ይጠቀማል። ፍጥነቱ ከቀድሞው የሚበልጥ ሲሆን፣ ሐዲዱን የሚያቋርጡ ግመሎችን እየገጨ ከአርብቶ አደሮች ጋር የካሳ ክርክር ሲያስነሣ ቆይቷል። የኢሳ እረኛ ዛሬ ግመሉን አዲስ ነገር ማስተማር አለበት፤ ያለ ትእዛዝ ሐዲድ እንዳይሻገር።

የጭነት ግመል ግን ከቆላው አልጠፋም። መኪና በማይገባበት ሸለቆ ቤተሰቡ ሰፈር ሲለውጥ ሰሌኑንና የቤቱን እንጨት የሚሸከመው፣ ከሩቅ ጉድጓድ ውሃ የሚያመጣው፣ የማገዶ እንጨትና ከሰል ጭኖ ድሬዳዋ ድረስ የሚሄደው ዛሬም አውሩ ነው። ከሰሉ ደኑን ስለሚጨርስ የሚያስደስት ሥራ አይደለም፤ ግመሉን የገራው እጅ ግን ያው ነው። ያ እውቀት በመጽሐፍ ብዙ አልተጻፈም፤ የግመል ሕክምናና እርባታ የሚያስተምሩ ተቋማት አጠገባቸው ካሉት ገሪዎች፣ በተለይም ቤት ከሚጭኑት እናቶች፣ ድምፁንና የአሠራሩን ቅደም ተከተል፣ የጭነቱን አስተሳሰርና የዘፈኑን ዓይነት ቀርጸው ቢያስቀምጡ ሥራው ከባድ አይደለም። ሰዎቹ አሉ፤ ግመሎቹም አሉ፤ ጀልዴሳም ከድሬዳዋ ሩቅ አይደለችም።